በረዶው እስኪያልቅ

ተማሪዎቿ «ፈላች» ይሏታል። በፊቷ አይደለም፤ ማን ደፍሮ! የጫማዋ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ በር አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ዞር ብሎ «ፈላች መጣች» ይልና አርባ ምናምን አፍ ባንድ ጊዜ ይዘጋል። ስሙን ያወጡላት የድሮ ተማሪዎች ናቸው። እነሱ አድገው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን እዚያው ትምህርት ቤት አስገብተዋል፤ ስሙ ግን ከነሱ ጋር አልሄደም። እሷም ካወቀችው ቆይታለች። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ባሏ አንድ ቀን ስልክ ደውሎ «ፈላሽ ወይስ ገና ነሽ?» ቢላት፣ ከየት እንደሰማው እስኪናገር ድረስ ሦስት ቀን አኩርፋዋለች።

እውነቱን ለመናገር ስሙ አልበዛባትም። ንዴት አብሯት ያደገ ነገር ነው። ጠመኔ እጇ ላይ ሲሰበር ትናደዳለች፤ መስኮት አልዘጋ ሲላት ትናደዳለች፤ ስብሰባ ላይ «በአጭሩ ለማስቀመጥ» ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው ሲገጥማት ወንበሯን እያንቋቋች ትወጣለች። ከሁሉ የሚያሳርራት ግን የማያውቀውን ነገር በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ ነው። «ቁስ አካል ማለት ቦታ የሚይዝና መጠነ ቁስ ያለው ነገር ነው!» ብሎ ባንድ ትንፋሽ የሚለቀውን ልጅ «ጎበዝ» አትለውም። «አየር ቁስ አካል ነው?» ትለዋለች። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። «ታዲያ አሁን ምን ብለህ ነው የጮህከው? በከንቱ ትንፋሽህን ጨረስክ እኮ!» ትላለች፤ ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ባዶ ጠርሙስ ባልዲ ውስጥ ትነክርና አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ቦታውን ለውሃው ሲለቅ ታሳያቸዋለች።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን አካላዊ ሳይንስ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስለ ጠጣር፣ ስለ ፈሳሽና ስለ ጋዝ፤ ሙቀት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፤ ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ እንደማይጠፋ። ለዚህ ሁሉ ከበላይ የመጣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አለ፤ «የመማር ዓላማዎች» ይባላል። የዕለቱ ዓላማ በየማለዳው ከሰሌዳው ጥግ ላይ መጻፍ አለበት። «ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ የቁስ አካልን ሁነቶች ይዘረዝራሉ። የሙቀትን ትርጉም ይገልጻሉ። የጉልበት ዓይነቶችን ይጠቅሳሉ።» ይዘረዝራሉ፣ ይገልጻሉ፣ ይጠቅሳሉ! አንድ የእረፍት ቀን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብባ «ይነካሉ» የሚል ቃል ፈልጋ አጣች። «ይጠራጠራሉ» የሚልማ ከየት ይመጣል! መጽሐፉን ወርውራ ድመቷን አስደነገጠቻት።

ስለዚህ ዓላማውን በደቃቃ ፊደል ጥግ ላይ ትሞነጭርና ልጆቹን ይዛ ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ክፍል ትሄዳለች። ክፍሉ ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች መጣያ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ አባቷን በቀበረች በወሩ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አውጥታ ግቢው ውስጥ ከመረቻቸው። ርዕሰ መምህሩ እየሮጠ መጥቶ «ምን እየሆነ ነው?» ቢል «ቁስ አካል ቦታ ይይዛል፤ ቦታ እያስለቀቅኩ ነው» አለችው። አሁን እዚያ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ ሦስት ድስትና አራት ቴርሞሜትር አለ። ቴርሞሜትሮቹ እንዳይሰበሩ በባሏ አሮጌ ካልሲ ተጠቅልለው ነው የሚቀመጡት።

ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ የምትወደው የበረዶውን ነው። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በረዶ ፋብሪካ ሠርቷል። እርጥብ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ብሎኬት የሚያህል በረዶ ተሸክሞ ለዓሣ ሻጮችና ለመጠጥ ቤቶች ያደርስ ነበር። ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠረም። ልጅ ሳለች ግን ፀሐይ ላይ የቆመ፣ ውሃና በረዶ የሞላ በርሜል አጠገብ ያቆማትና «እጅሽን ክተቺ» ይላታል። «አየሽ? ይቺ ቁራጭ እስካለች ድረስ ውሃው ካለበት አይሞቅም። ፀሐይዋ መጀመሪያ በረዶውን ነው የምትጨርሰው፤ ወደ ውሃው የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።» እጇ ደንዝዞ ቀይ እስኪሆን ትነክረዋለች።

አባቷ በርሜል አጠገብ የነገራት ነገር ነው ተማሪዎቿ በዓይናቸው የሚያዩት። በረዶ በድስት፣ ድስቱ እሳት ላይ፣ ቴርሞሜትሩ መሃል። እያማሰሉ በየሁለት ደቂቃው ንባቡን ይጽፋሉ። ዜሮ። ዜሮ። አሁንም ዜሮ። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል!» የሚል ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። «ሌላ አምጣ» ትለዋለች። ሌላውም ዜሮ። እሳቱ እየነደደ ነው፤ ሙቀቱ እየገባ ነው፤ ግን የገባው ሁሉ በረዶውን ማቅለጡ ላይ ይውላልና በረዶው እስኪያልቅ መጠነ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ልጆቹ እሳቱን ያያሉ፣ ድስቱን ያያሉ፣ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ለዚያ ፊት ስትል ነው ይህን ሁሉ ዓመት ሌላ ሥራ ሳትፈልግ የቀረችው።

ማክሰኞ ዕለት፣ የስምንተኛ ክፍል የማጠቃለያ ፈተና ውጤት በሚጠበቅበት ሳምንት፣ ርዕሰ መምህሩ አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማኅተም ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሁለት።

«መምህርት፣ ቁጭ ይበሉ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

ወረቀቱን ወደሷ ገፋ አደረገው። ከከተማው ፈተና ክፍል የመጣ ነው። በአካላዊ ሳይንስ ፈተና፣ በጥያቄ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ላይ፣ የትምህርት ቤቱ አርባ ሦስት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ስለሰጡ በቡድን የተፈጸመ ኩረጃ መሆኑ ታምኖበታል፤ ውጤታቸውም ተይዟል። በሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

«ጥያቄው የታለ?» አለች።

ሰጣት። ጥያቄ አሥራ ሰባት፦ በድስት ያለ በረዶ እሳት ላይ ተጥዶ እየቀለጠ ሳለ፣ በረዶው እስኪያልቅ ድረስ መጠነ ሙቀቱ ምን ይሆናል? ሀ፣ ይጨምራል። ለ፣ ይቀንሳል። ሐ፣ አይለወጥም። አሥራ ስምንተኛው ይህንኑ በግራፍ የሚጠይቅ ነው። አርባ ሦስቱም ልጆች «ሐ» ብለዋል። ለማረሚያ የተሰጠው መልስ «ሀ» ነው።

ክው አለች። ከዚያ ሳቀች። የሚያውቋት ሰዎች ስትጮህ አይፈሩም፣ ስትስቅ ነው የሚፈሩት። ርዕሰ መምህሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ።

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ በበረዶ አልከራከርም» አለ። «ግን መላ አግኝተንለታል። እርስዎ ኩረጃ መኖሩን አምነው እዚህ ጋ ይፈርማሉ፤ ልጆቹ ሐሙስ ድጋሚ ይፈተናሉ። ያው ፈተና ነው። ‹ሀ› ብለው እንዲጽፉ ይንገሯቸውና ነገሩ በዚያው ይብረድ። የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ዓርብ ያበቃል። ውጤት ያልያዘ ልጅ አይመዘገብም፤ ክፍል ሊደግሙ ነው ማለት ነው። አርባ ሦስት ልጅ!»

«ያላደረጉትን አደረጉ ብዬ ልፈርም? ከዚያ ደግሞ የሚያውቁትን አናውቅም እንዲሉ ላስተምር?»

«መምህርት፣ እባክዎ…»

«አልፈርምም!»

በሩን የዘጋችበት ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ተሰማ። የእረፍት ደወል ነው ብለው የወጡ ክፍሎች ነበሩ ተብሎ ኋላ ተቀልዷል። ለሷ ግን የቀልድ ጊዜ አልነበረም፤ ቆሽቷ ድብን ብሎ ነው የወጣችው። ሌባ! ያንን ሁሉ ዜሮ በገዛ እጃቸው የጻፉ ልጆች ሌባ ተባሉ! ሳያዩ «ሀ» ያሉት ደግሞ ጨዋ ሆነው በሰላም አለፉ።

ክፍል ስትገባ ልጆቹ ሰምተው ጨርሰዋል። የትምህርት ቤት ወሬ ከድምፅ ይፈጥናል። የመጀመሪያው ወንበር ላይ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተነስታ ቆመች። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ፣ እናቷ ከተለያየ ቁርጥራጭ የሰፋችላትን ቦርሳ የምትይዝ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ኮረጃችሁ ተባልን?»

«አልኮረጃችሁም።»

«ተሳስተናል ታዲያ?»

«አልተሳሳታችሁም።»

«ሐሙስ ምን ብለን እንጻፍ ታዲያ?»

አርባ ሦስት ጥንድ ዓይን አፈጠጠባት። «ሐ» ብላ ብትመልስ ዓርብ የሚመዘገቡበት ውጤት የለም። «ሀ» ብላ ብትመልስ ያ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ክፍል፣ ያ ሁሉ ድስትና ካልሲ፣ ቀልድ ነበር ማለት ነው። «ነገ እነግራችኋለሁ» ብላ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ እንዲህ ብላ ጥያቄ ሸሽታ አታውቅም ነበር።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። መንገር እንኳ አይባልም፤ ሳህኑን እየደበደበች ጮኸችበት። ባሏ እስክትጨርስ ድረስ እያላመጠ ጠበቃት። ሃያ ዓመት የሞቀ ሞተር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነውና የራዲያተር ክዳን መቼ እንደማይነካ ያውቃል።

«ነገ ደብዳቤ ጽፌ እወስድላቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ደብዳቤ ከወሰድሽማ ‹መዝገብ ቤት አስገቢና ተመለሺ› ይሉሻል» አለ። «በረዶውን ራሱን ውሰጂላቸው። በረዶ መዝገብ ቤት አይቀመጥም፤ ይቀልጥባቸዋል።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ የምትቆጣበት ነገር አጣችና ዘጋችው።

ረቡዕ ጠዋት ከዓሣ ሻጩ በረዶ በማቀዝቀዣ ሣጥን አስሞልታ፣ ድስቷን በፌስታል፣ ሁለት ቴርሞሜትር በካልሲ፣ የጋዝ ምድጃዋን በብብቷ ይዛ ፈተና ክፍሉ ያለበት ሕንፃ ደረሰች። ጥበቃው ሣጥኑን አስከፈታት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማስረጃ።»

«በረዶ ነው እኮ።»

«ለምን ታዲያ ትጠይቀኛለህ!»

ሰውየው ከሷ ጋር መከራከር እንደማያዋጣው ገባው፤ ምድጃውን ግን «እሳት አይገባም» ብሎ አስቀረባት። እየተነጫነጨች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሣጥኑ የሚያንጠባጥበው ውሃ ደረጃ በደረጃ ተከተላት። ጸሐፊዋ ሻይ የምታፈላበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥግ ላይ ነበር። «እሱን አውሺኝ» አለቻት፤ ጸሐፊዋም ግራ እንደተጋባች ነቅላ ሰጠቻት። በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች።

የፈተና ክፍሉ ኃላፊ ሠላሳ ስድስት ወይ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሚሆነው፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ ሰው ነው። ቀና ብሎ ሲያያት ወንበሩን አንኳኩቶ ተነሳ።

«ቲቸር!»

ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። እሷ አላስታወሰችውም። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ እቀመጥ ነበር፣ ጠመኔ የማመጣልዎት እኔ ነበርኩ አላት፤ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ደስታው የእውነት ነበር። ይህ ደግሞ የበለጠ አናደዳት፤ በሁለት እጁ በሚጨብጥ ሰው ላይ መጮህ አይመችም። ቢሆንም ጮኸች።

«አርባ ሦስት ልጆች ሌባ ያልካቸው አንተ ነህ?»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም፤ ደንቡ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ…»

«የቱ ነው ስህተት? እየቀለጠ ያለ በረዶ መጠነ ሙቀቱ ይጨምራል ያለው ማነው? መልሱን ያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ! አንተ ራስህ!» ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ስትጥለው ወረቀቶቹ ዘለሉ። «እንዴት ያለ ደንቆሮ ነው አንተን ያስተማረህ? ንገረኝ እስቲ፣ ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስተማረህ?»

የሰውየው መልስ አፉ ላይ ነበር፤ ሊያወጣው ግን አፈረ። በመጨረሻ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጆች በቃላቸው የሚሉትን ዓይነት ዜማ አሰማ። «ሙቀት ሲጨመር፣ መጠነ ሙቀት ይጨምራል! ሙቀት ሲቀነስ፣ መጠነ ሙቀት ይቀንሳል! ሁልጊዜ፣ በማንኛውም ጊዜ!»

ዜማውን አወቀችው። የራሷ ነበር። አዲስ መምህርት ሳለች ያወጣችው ዜማ ነው፤ ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ እየመታች፣ «ጮክ በሉ! አልሰማሁም!» እያለች። «ሁልጊዜ፣ በማንኛውም ጊዜ» የምትለዋን ደግሞ ዜማው እንዲሞላ ብላ የጨመረቻት እሷ ራሷ ናት።

«እርስዎ ነዎት ቲቸር» አለ። «ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም። ጥያቄውን ሳወጣም አልተጠራጠርኩም፤ ከእርስዎ የሰማሁት ነዋ።»

ንዴት ሲመጣ መውጫ ይፈልጋል። የሷ ንዴት መውጫ ፈልጎ ክፍሉን ዞረና ተመልሶ እሷው ላይ አረፈ። በረዶው ግን እየቀለጠ ነበርና የምትቆይበት ጊዜ አልነበራትም። ድስቷን አወጣች።

«ሰዓት ያዝ» አለችው።

በረዶውን ከትንሽ ውሃ ጋር ጣደችው፤ ቴርሞሜትሩን ለእሱ፣ ማማሰያውን ለራሷ። ጸሐፊዋ በር ላይ ቆማ ታያለች። ሁለት ደቂቃ፦ ዜሮ። አራት ደቂቃ፦ ዜሮ። ስድስት ላይ ሰውየው «ይሄ ነገር ይሠራል?» አለ፤ ሁለተኛውን ቴርሞሜትር ከካልሲው አውጥታ ሰጠችው። ዜሮ። ምድጃው ቀልቷል፤ ቢነካው እጁን ያቃጥለዋል። ዓይኑን ከቴርሞሜትሩ እኩል ለማድረግ ሱሪውን ሳይሰበስብ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት። ዜሮ። የመጨረሻዋ ቁራጭ በረዶ ስስ ሆና ተንሳፈፈች፤ ጠፋች። ወዲያው ቀዩ መስመር መውጣት ጀመረ። ሦስት። ሰባት። አሥራ ሁለት።

ሰውየው ቀና ሲል ያንን ፊት አየችው። በየዓመቱ በአሥራ አራት ዓመት ልጆች ላይ የምታየውን ፊት ግማሽ ፀጉሩ ባለቀ ሰው ላይ አየችው።

ምንም አልተከራከረም። መልሱን በቀይ ሰርዞ «ሐ» አለ፤ የሁሉም ትምህርት ቤት ወረቀት እንዲታረም አዘዘ፤ የአርባ ሦስቱን ውጤት የሚለቅ ደብዳቤ ለጸሐፊዋ አስጻፈና ማኅተሙን በገዛ እጁ መታበት። «የስህተቱ ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ የራሱን ስም ጻፈ። እሷ «የኔንም ጨምር» ብትለው እምቢ አለ። ደብዳቤውን ሲሰጣት ግን ሳይለቅቀው ቆየ።

«ቲቸር፣ ያኔ ለምን አላሳዩንም?»

በወቀሳ አልነበረም። የልጅ ጥያቄ ነው የጠየቃት።

«በረዶ አልነበረም» አለችና ወጣች።

ደረጃውን በፍጥነት ወረደች። የፈለገችውን አግኝታለች፤ ልጆቹ ዓርብ ይመዘገባሉ፤ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስትጠይቃት መልስ አላት። ጥበቃው ምድጃዋን እየመለሰ «ማስረጃው ቀለጠ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ባዶውን ሣጥን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

በረዶ አልነበረም! በረዶማ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ሙሉ ፋብሪካ በረዶ ነበር። ያንን ዜማ በምታስዘምርበት ሳምንት አንድ ማታ ራት ላይ ስለ ሙቀት እንደምታስተምር ለአባቷ ነግራው ነበር። አባቷ በማግስቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ትልቅ በረዶ በእርጥብ ጆንያ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ መጣ። ጥበቃው መምህራን ማረፊያ ድረስ ገብቶ «በረዶ የተሸከመ ሰውዬ ይፈልግሻል፤ አባቷ ነኝ ይላል» አላት። መምህራኑ ሁሉ ዞረው አዩዋት። አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር። «ተሳስቶ ይሆናል» አለች፤ «ክፍል ገብታለች በለው።» ክፍል ገብታም ልጆቹን ጮክ በሉ አለች። የዚያን ቀን እንደዚያ ያስጮኸቻቸው ወደ በሩ የሚያይ ልጅ እንዳይኖር ነው። አባቷ እስከ እረፍት ጠበቀ። ማታ ቤት ስትገባ «ሥራ በዝቶብሽ ነው አይደል» ብቻ አላት፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አላነሳውም። እሷም አላነሳችውም። ያንን ክፍል ከወንበር ስታጸዳ እሱ አፈር ውስጥ ነበር።

ለሰው ሁሉ የሚተርፍ ንዴት ነበራት፤ ለመጽሐፉ፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለጠመኔው። መናደድ የነበረባት በአንዲት አዲስ ጫማ ባደረገች ልጅ ላይ ነበር፤ እሷን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብላታለች።

ሣጥኑን ጥበቃው እግር ሥር ጥላ ተመልሳ ደረጃውን ወጣች። ሳታንኳኳ በሩን ከፈተችው። ሰውየው ድስት የተጣደበትን ጠረጴዛ በመሐረብ እየጠረገ ነበር።

«በረዶ ነበር» አለች እያለከለከች። «ዋሸሁህ። አባቴ በረዶ ተሸካሚ ነበር። ለእናንተ ብሎ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይዞላችሁ መጥቶ ነበር፤ አፍሬበት መለስኩት። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀለጠበት።»

ሰውየው መሐረቡን እንደያዘ ቀረ። ግንባሩ ተኮሳተረ፤ ከሩቅ የሆነ ነገር እየፈለገ ይመስል ነበር።

«ያ ውሃ…» አለ ቀስ ብሎ። «በበሩ ሥር የሚፈስ ብዙ ውሃ ነበር አንድ ቀን። ዝናብ ሳይኖር ከየት መጣ ብለን። ጆንያ የያዘ ሰውዬም ቆሞ ነበር።»

«እሱ ነው» አለች።

«ውሃውን እየዘለልን ነበር የወጣነው፣ ቲቸር» አለ።